የስኒ እጣቢና ዚዚ፦ በጅማ አንድ ሳሎን ውስጥ የተደረገ የተክል ምርጫ

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በሚገኝ ሰፊ በረንዳ ባለው አሮጌ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ የነበረው የዚዚ ተክል ግንዶቹ ከሥራቸው እየለሰለሱ አንድ በአንድ ይወድቁ ጀመር። የቤቱ ባለቤት ከመምህርነት ጡረታ የወጡ፣ እኔም በጉርብትና እትዬ እያልኩ የምጠራቸው እናት ናቸው። ተክሉ የጠማው መስሏቸው ውኃ ጨመሩለት፤ በማግስቱ ሁለት ተጨማሪ ግንድ ወደቀ። ተጠርቼ ሄጄ ተክሉን ከማስቀመጫው ስመዘው፣ ከአፈር በታች ያሉት ድንች መሳይ ግንዶቹ አብዛኞቹ ጣቴን ሳሳርፍባቸው ፈረጡ፤ ሽታቸውም ጆንያ ውስጥ ተረስቶ የከረመ ድንች ሽታ ነበር። አፈሩ ጭቃ ሆኗል። የሚያብረቀርቀው የሴራሚክ ማስቀመጫም ታቹ ድፍን ነው፤ አንዲት ቀዳዳ እንኳ የለውም።

ተክሉን ከአንድ ዓመት በፊት ገዝታ ያመጣችላቸው አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃቸው ናት። የሆነውን ስትሰማ ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ያንኑ ዓይነት ሌላ ይፈልጉላት፤ እኔ የገዛሁት እኮ ማንም የማይገድለው ተክል ነው ተብዬ ነው» አለችኝ። እናትየው ግን በአንድ የሠርግ አዳራሽ ነጭ አበባ ያለውን ስፓቲፊለም፣ ሻጮች ፒስ ሊሊ የሚሉትን፣ አይተው ልባቸው እዚያው ቀርቷል። «ልጄ፣ ይኼ አንድም ቀን አበባ አላሳየኝም፤ ያችኛዋን ብትፈልግልኝ ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። ሙያዬ አትክልት ልማት ነው፤ ችግኝ በማፍላት ሥራም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ መልሱን ወዲያው የማውቅ መሰለኝ። ከልጅቱ ጋር ተስማማሁ፤ ዚዚ ይሻላል አልኩ። መልሱ ስህተት እንደነበረ ለመረዳት ሦስት ወር ያህል ፈጀብኝ። ይህንንም ጉዳይ በዝርዝር ለመጻፍ ያነሳሳኝ በዋናነት ያ ስህተት ነው።

ክፍሉ

ሳሎኑ አራት ሜትር በአምስት ሜትር ያህል ይሆናል። ሁለት መስኮቶች አሉት፤ ሁለቱም ወደ ምሥራቅ ያያሉ፤ ነገር ግን የበረንዳው ቆርቆሮ ክዳን ወደ ፊት ረዝሞ ስለሚወጣ ከማለዳው ጥቂት ሰዓት በስተቀር ፀሐይ ወደ ውስጥ አትዘልቅም። ዚዚው የቆመው ከቅርቡ መስኮት ሦስት ሜትር ርቆ ነበር። ብርሃኑን ለመመዘን የተጠቀምኩት ማንም ሰው በቤቱ ሊሞክረው የሚችለውን ዘዴ ነው፦ ተክሉ በሚቆምበት ቦታ ነጭ ወረቀት አኑሮ፣ እጅን ከወረቀቱ በላይ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ በቀትር መዘርጋት። የእጅ ጥላ ጠርዙ ተለይቶ ከታየ ብርሃኑ ብዙ ነው፤ ደብዝዞም ቢሆን የእጅ ጥላ መሆኑ ከታወቀ መካከለኛ ነው፤ ጭራሽ ካልታየ ቦታው ለአብዛኛው ተክል ጨለማ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ምንም ጥላ አልታየም። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ርቄ ስሞክር ግን ደብዛዛ ጥላ አገኘሁ።

ለጅማ ሰው ስለ ጥላ ተክል ማስረዳት አያስቸግርም፤ ከሰሳና ከዋንዛ ሥር የበቀለ ቡና ያላየ የለምና። የሚያስቸግረው ይኸው ዕውቀት ሳሎን ውስጥ ሲገባ ማሳሳቱ ነው። ከሰሳ ሥር ያለ ቡና ብርሃን ከላይም ከየአቅጣጫውም ተወንፍቶ ይደርሰዋል፤ ሳሎን ውስጥ ያለ ተክል ግን ከአንድ ወገን ብቻ፣ ያውም መጋረጃ አልፎ የመጣውን ያገኛል፤ ከመስኮቱ በራቀ ቁጥርም የሚደርሰው ብርሃን በፍጥነት ይቀንሳል። ዓይናችን ደብዛዛ ክፍልን ቶሎ ስለሚለምድ ልዩነቱ ለእኛ አይታወቀንም፤ ለቅጠሉ ግን የመብላትና የመራብ ያህል ልዩነት ነው።

ስለ ቤት ውስጥ ተክል በብዛት የሚሠራጨው ምክር የተጻፈው ለሰሜኑ ዓለም መሆኑንም መርሳት የለብንም። እነርሱ «በክረምት ውኃ ቀንሱ» ሲሉ፣ ቀኑ አጥሮ ብርሃን የሚጠፋበትን የታኅሣሥና የጥር ብርድ ማለታቸው ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስምንት ዲግሪ ባልሞላ ርቀት ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እዚህ ብርሃን የሚጠፋው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ነው፤ ያ ደግሞ በዓመት ከሚጥለው 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ትልቁ ድርሻ የሚወርድበት፣ አየሩም እርጥብ የሚሆንበት ወቅት ነው። በዚያ ጊዜ ማስቀመጫ ውስጥ ያለ አፈር አይደርቅም፤ ተክሉም ብርሃን ስለሌለው ውኃውን አይጠጣም። በአንጻሩ ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ምክሩን በእነርሱ ወራት ቆጥሮ የተከተለ የጅማ ሰው በታኅሣሥ ተክሉን ያስጠማል፤ በሐምሌ ደግሞ ያሰጥማል። ዚዚው የሞተበት ወር ሐምሌ መሆኑ እንግዲህ አጋጣሚ አይደለም።

የመጀመሪያው ውሳኔ

ዚዚ፣ ሙሉ ስሙ ዛሚዮኩልካስ ዛሚፎሊያ፣ የዚሁ የእኛ የምሥራቅ አፍሪካ ተክል ነው፤ በዱር ከኬንያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምሥራቅ ድረስ ይገኛል። በየሳሎኑና በየቢሮው የተስፋፋው ግን የሆላንድ ችግኝ አልሚዎች በ1996 እ.ኤ.አ. አካባቢ በብዛት ማባዛት ከጀመሩ ወዲህ ነው። ዝናብ የሚቋረጥባቸውን ወራት ለማለፍ ውኃን ከአፈር በታች ባለው ወፍራም ግንዱና በቅጠሉ ዘንግ ያጠራቅማል፤ ቅጠሉ 91 በመቶ፣ ዘንጉ ደግሞ 95 በመቶ ያህል ውኃ ነው። ቅጠሉን የሸፈነው ሰም መሳይ ልባስ ትነትን ይቀንስለታል። ሦስትና አራት ሳምንት ውኃ ሳያገኝ ቢቆይ ቅር አይለውም፤ ድርቁ ከጸናበትም ትንንሾቹን ቅጠሎች አራግፎ የምድር ውስጥ ግንዱን ያተርፋል። ደብዛዛ ብርሃንንም ከብዙዎቹ ይልቅ ይችላል።

በእኔ ስሌት ጥፋቱ የማስቀመጫውና የአፈሩ ነበር። ሥር እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው አካል ይተነፍሳል፤ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውኃ ሲሞላ አየር ያጣና መታፈን ይጀምራል፤ የታፈነውን ሥር ደግሞ የመበስበስ ተሕዋስያን ይወርሱታል። የጅማ ቀይ አፈር በማሳ ላይ ሲሆን የተመሰገነ ነው፤ ማስቀመጫ ውስጥ ለብቻው ሲሆን ግን በየቀኑ ውኃ ከፈሰሰበት ተጠቅጥቆ እንደ ጡብ ይሆናል። ስለዚህ ከበሰበሰው መካከል ጠንካራ ሆነው ያገኘኋቸውን ሁለት የምድር ውስጥ ግንዶች አጥቤ፣ የቁስላቸውን ቦታ የከሰል ድቃቂ ነስንሼበት ሁለት ቀን በጥላ አደረቅኳቸው። ከዚያም ግማሹ ሸካራ የወንዝ አሸዋ፣ ቀሪው የበሰለ ኮምፖስትና ትንሽ የከሰል ድቃቂ በሆነ ድብልቅ፣ ታቹ በተበሳሳ ማስቀመጫ ተከልኳቸው። ቦታውንም ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። እትዬን፣ «በወር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል» አሉ። የገባቸውም ይመስለኛል።

በጥቅምት መጀመሪያ አዲስ የወጣው ቡቃያ ቢጫ ሆነ። ማስቀመጫውን ሳነሳው ከበደኝ። ከአፈሩ ላይ ትናንሽ ጥቁር ትንኞች ብር ብለው ተነሡ። ውኃ አጠጥተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ «ኧረ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጠጣሁም» ብለው ማሉልኝ። አልዋሹም ነበር።

ከአቦል እስከ በረካ

ነገሩ የተገለጠልኝ በዚያው ቀን ነው። ቡና ሊፈላ ነበርና ካልጠጣህ አትሄድም ተባልኩ። በባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጬ እያየሁ ቄጤማው ተጎዘጎዘ፣ ቡናው ተቆላ፣ አቦል ተቀዳ። ረከቦቱ የሚቀመጠው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ዚዚውን ከቴሌቪዥኑ ጎን አንሥቼ ያኖርኩት ደግሞ ልክ ከረከቦቱ አጠገብ ሆኗል። አቦል እንዳለቀ እትዬ ስኒዎቹን ሰብስበው በሳሕን ውኃ አለቀለቁ፤ ከእኔ ጋር ስለ ልጃቸው እያወሩ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሡ፣ እጃቸው እጣቢውን ይዞ ወደ ጎን ሄደና ዚዚው ላይ ደፋው። በቶናም እንዲሁ ሆነ። በበረካም እንዲሁ። እርሳቸው ውኃ አላጠጡም፤ ስኒ አጥበው እጣቢ ደፉ እንጂ። በእርሳቸው ሒሳብ ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ነገሩን በግምት አሰላሁት። በቤቱ ቡና በቀን ሁለት ጊዜ ይፈላል። ከእያንዳንዱ ፍል ወደ ዚዚው የሚደፋው በአማካይ ሁለት ስኒ ያህል ነው፤ የእርሳቸው ስኒ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። በቀን አራት ስኒ ማለት 280 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሳምንት ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋል። ያ መጠን ያለው ዚዚ በዚያ ብርሃን የሚፈልገው በወር ምናልባት ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው። እጣቢው ንጹሕ ውኃም አይደለም፤ የስኳር ዝቃጭ አለበት፣ ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ እንግዶች ሲመጡ ደግሞ ጨው አለበት። ስኳሩ አፈሩ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ የትንኞቹ እጮች የሚያድጉት እርጥብ አፈርና ሻጋታ ባለበት ነው። ማስቀመጫው ቀዳዳ ቢኖረውም፣ አፈሩ ግማሹ አሸዋ ቢሆንም፣ በየቀኑ አራት ስኒ የሚደፋበት አፈር መቼም አይደርቅም።

«ማንም የማይገድለው» የሚለው አባባል ምን ያህል ጎደሎ እንደሆነ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አባባሉ ያልተነገረ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የተክሉ ጠላት የሚረሳ ሰው ነው ብሎ ያስባል። ለሚረሳ ሰው ዚዚ በእርግጥም ሞትን የማያውቅ ተክል ነው። ለማይረሳ፣ በተለይም እጁ ሥራ ካልያዘ ለማይመቸው ሰው ግን፣ ከሁለቱ ተክሎች አስቸጋሪው ዚዚ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ነገር አለማድረግን ነው። አለማድረግ ደግሞ ለአንዳንድ ሰው ከማድረግ ይከብዳል። በዚህ ላይ ዚዚ ሲሰምጥ አይናገርም፤ ከላይ እያብረቀረቀ ከታች ይበሰብሳል፤ ሲወድቅ ነገሩ ካለፈ ሳምንታት ሆኖታል።

እትዬን ለማረም መሞከር ይቻል ነበር። ሞክሬም ነበር፤ ውጤቱ ከላይ የተገለጸው ነው። የአርባ ዓመት የእጅ ልማድን በአንድ ቀን ምክር አስቀራለሁ ማለት የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩት፤ ይህን ተክል ማን በደንብ ይይዘዋል ማለቱን ትቼ፣ ይህ እጅ የትኛውን ተክል ያኖራል ብዬ ጠየቅኩ።

ነጩ አበባ

ስፓቲፊለም ስሙ ሊሊ ይባል እንጂ ከሊሊ ዘር አይደለም። የሚገርመው፣ ከዚዚም ሆነ ጅማ ዙሪያ በየጓሮው ከሚበቅለው ጎደሬ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑ ነው። አብዛኛዎቹ ዝርያዎቹ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ የዝናብ ደን፣ ብዙ ጊዜም የጅረት ዳር፣ ተወላጆች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ይገኛሉ። እንደ ዚዚ የውኃ ጎተራ የለውም፤ ሥሩ ቀጭንና ብዙ ነው፣ ቅጠሉም ስስ ነው። ስለዚህ ውኃ ሲያጣ አይደብቅም፤ ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዝለፍልፎ እንደ ረጠበ ጨርቅ በማስቀመጫው ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል። ውኃ ሲያገኝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀጥ ይላል። ለሚረሳ ሰው ይህ ጠባይ ጣጣ ነው፤ ተዝለፍልፎ ደጋግሞ የተነሣ ተክል ቅጠሉ ጫፉ ላይ እየደረቀ ይሄዳልና። ተክሉን በቀን ሁለቴ አጠገቡ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ጠቋሚ አይገኝም።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስፓቲፊለም እርጥበት ይወዳል ማለት ረግረግ ይወዳል ማለት አይደለም። አፈሩ ሁልጊዜ በውኃ ርሶ አየር ካጣ እርሱም ሥሩ ይበሰብሳል፤ በቀን አራት ስኒ እጣቢ ለእርሱም ብዙ ነው። ስለዚህ ልማዱን ከማጥፋት ይልቅ አቅጣጫውን ማስቀየር መረጥኩ። ረከቦቱ አጠገብ ባዶ የቀለም ባልዲ አስቀመጥን፤ እጣቢው ሁሉ እዚያ ይደፋል፣ ሲሞላ ጓሮ ላለው ኮባ ይወሰዳል። እጅ የለመደው አንድ ነገር ወደ ጎን መድፋት ስለሆነ ባልዲው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተለመደ። ለተክሉ ደግሞ ሌላ ወግ ተሰጠው፤ ጠዋት ከአቦል በፊት አንድ ስኒ ንጹሕ ውኃ፣ ከሰዓት በኋላ ምንም። አንድ ስኒ በቀን በሳምንት 490 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ያ መጠን ያለው ስፓቲፊለም በበጋው ብርሃን ከሚጠጣው ብዙ አይርቅም። ውኃውም ከበረንዳው ቆርቆሮ በበርሜል ከሚጠራቀመው የዝናብ ውኃ እንዲሆን ተስማማን፤ ስፓቲፊለም በውኃ ውስጥ ያለ ጨውና ፍሎራይድ ሲበዛበት የቅጠሉ ጫፍ ይጠቁራል፤ የዝናብ ውኃ ደግሞ ከሁለቱም የጸዳ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ከሆነ ዚዚን በወር አንዴ ማጠጣትስ ለምን አልተቻለም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። በየቀኑ የሚደረግ ነገር ይለመዳል፤ በወር አንዴ የሚደረግ ነገር ግን ማስታወሻ ይፈልጋል፤ በመካከሉም ሃያ ዘጠኝ ቀን እጅን መከልከል አለ። እትዬ የሚችሉት የመጀመሪያውን ነው።

በዚህ መሐል አንድ ዘመድ፣ «ለምን ቡና አትተክሉበትም? ፈረንጆች እኮ ቤታቸው ውስጥ ያሳድጉታል» የሚል ሐሳብ አምጥቶ ነበር። እውነት ነው፣ ያሳድጋሉ። እትዬ ግን ጓሯቸው ያለውን ቡና በአገጫቸው እያመለከቱ ሳቁ፤ በጅማ ቡና ሳሎን አስገብቶ ማስቀመጥ በግን አልጋ ላይ እንደ ማስተኛት ነው አሉ። ሐሳቡ በዚያው ቀረ።

የተክሉ ዓመት

ተክሉ የተገዛው በኅዳር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከዚዚ በጣም ይረክሳል፤ ዚዚ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ሻጩ ብዙ ወራት ይዞት ስለሚቆይ ነው። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ርቆ፣ በሐምሌ ደብዛዛ ጥላ ያገኘሁበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተቴን ሠራሁ። ብርሃኑን የለካሁት በደመና ወር ነው። በኅዳር ሰማዩ ሲጠራ የማለዳዋ ፀሐይ ከበረንዳው ክዳን ሥር ዘልቃ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ቅጠሉ ላይ ቀጥታ አረፈች፤ በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ቅጠሎች ላይ የነጣ፣ ኋላም ቡናማ የሆነ ጠባሳ ወጣ። ስስ ነጭ መጋረጃ ተሰቀለ፤ ጠባሳው በዚያው ቆመ። የክፍሉን ብርሃን በአንድ ወቅት ለክቶ ለዓመቱ መፍረድ እንደማይቻል ለሌሎች ስመክር ኖሬ እኔው ረሳሁት።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ብርዱ መጣ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች በበጋ ሌሊት ውጭው ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። አንድ ማለዳ ከመስኮቱ ሥር ቴርሞሜትር ባስቀምጥ 13 ዲግሪ አሳየኝ፤ ሁለቱም ተክሎች ከ15 በታች ሲሆን ዕድገታቸው ይገታል፣ ስፓቲፊለም ደግሞ ብርድ ይበልጥ ይጎዳዋል። እትዬ ማታ ማታ ማስቀመጫውን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ማስጠጋት ጀመሩ። እኔ አላዘዝኳቸውም። እንዲህ ዓይነቱ በየቀኑ የሚደረግ ትንሽ ሥራ ለእርሳቸው ሸክም አይደለም፤ ዚዚ ግን ይህን እድል አይሰጣቸውም ነበር።

ከየካቲት በኋላ ተክሉ ስለ ረጋ ብዙ የሚጻፍ የለም። በመጋቢት ሁለት አበባ አወጣ። አበባ የምንለው ነጩ ክፍል መልኩን የቀየረ ቅጠል ነው፤ እውነተኞቹ አበቦች በመካከሉ በቆመው ዘንግ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን እብጠቶች ናቸው። ሠርጉ አዳራሽ ውስጥ እንደታየው ግን በአበባ አልተሸፈነም፤ ወደፊትም በዚህ ክፍል አይሸፈንም። ለገበያ የሚቀርበው ተክል ብዙ ጊዜ ጂበሬሊክ አሲድ በሚባል የዕድገት ሆርሞን ተረጭቶ በአንድ ጊዜ እንዲያብብ የተደረገ ነው፤ በቤት ብርሃን ያንን መጠበቅ አይቻልም። ይህን ለእትዬ ቀድሜ ስለነገርኳቸው አልተከፉም። ከሰኔ ጀምሮ ደመናው ሲከብድ ስኒዋን በሁለት ቀን አንዴ አደረግናት፤ ይህ ለውጥ ትንሽ አታግሎናል፤ መፍትሔውም ባዶ በሆነው ቀን ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ሆነ። አቧራ ይነሣለታል፣ እጅም ሥራ ያገኛል።

ሁለት ነገር ከመዝጋቴ በፊት ልጨምር። የልጅ ልጆች ለበዓል ሲመጡ ሁለቱም ተክሎች ከእጃቸው መራቅ አለባቸው፤ ቅጠላቸው ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ። ጥሬ ጎደሬ ቀምሶ አፉ የተቃጠለ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ያው ነው፣ የአንድ ቤተሰብ ነገር ነው። ሌላው፣ ልጅቱ ፒስ ሊሊ የቤቱን አየር ያጸዳል ብላ አንብባ ነበር። የዚህ ወሬ ምንጭ የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. በትናንሽ የታሸጉ ሣጥኖች ውስጥ ያደረገው ሙከራ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የቀደሙ ጥናቶች ግምገማ ግን፣ መስኮት በመክፈት የሚገኘውን የአየር ለውጥ በተክል ለማግኘት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና የሚፈላበት ሳሎን ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ የቀልድ አይደለም፤ የከሰል ጭስ ይዞት የሚመጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የትኛውም ተክል አያስወግደውም፤ መስኮቱ ይከፈት።

ከጥቅምቱ ጥፋት የተረፈችውን አንዲት የዚዚ ግንድ ወደ ቤቴ ወስጄ አገገመች፤ በሚያዝያ ልጅቱ ለፋሲካ ስትመጣ ይዛት ተመለሰች። ሥራዋ ወደ ክፍለ ሀገር የሚያስኬድ ነው፤ አንድ ጊዜ አምስት ሳምንት ቆይታ ስትመለስ አዲስ ቡቃያ አውጥታ አገኘቻት፤ ፎቶ ላከችልኝ። ለእናቷ የገዛችው ተክል ከመጀመሪያውም ለራሷ የሚሆን ነበር።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. እትዬ አስጠሩኝ። «አበባዬ ታመመች፤ ነጩ አረንጓዴ ሆነ» አሉ። ሄጄ አየሁት። ሕመም አይደለም፤ የስፓቲፊለም አበባ ሲያረጅ ነጩ ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ዘንጉን ከሥሩ በመቀስ ቆረጥኩት። ከቅጠሎቹ መካከል ደግሞ ጫፉ ገና ያልተፈታ ሌላ እንቡጥ ብቅ ብሏል። አቦል እስኪወርድ ጠብቅ ተባልኩ፤ ተቀመጥኩ።